«አንተ» ያለኝ ሰው

ኅዳር 12፣ ጠዋት
ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ደክሞኛል፣ ደብተሬ። የመዝገብ ቤቱ አቶ ማሞ ባለጉዳይ ፊት «አንተ፣ ፋይሉን የት አደረስከው?» አለኝ። እኔን፣ ቀሚስ የለበስኩትን። በካፊኖኖ፣ በዚህ በከፋ አገር ቋንቋ፣ አፉን የፈታ ሰው ነው፤ በአማርኛ ሴትና ወንድ እንደሚምታታበት አውቃለሁ። አውቄም ድምፁን አስመስዬ ደገምኩለት። ባለጉዳዮቹ ሳቁ፣ እሱ ፋይሉን ይዞ ወጣ። አልወደውም፣ በቃ። ስድስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አንድ ቀን ፈገግ አላለልኝም።

ኅዳር 13፣ ከሰዓት
ግምገማ። አቶ ማሞ እጁን አወጣ። «እሱ ይንቀናል» አለ። እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። በአነጋገሩ እንደማላግጥ፣ የአገሩን ሰው እንደማሳንስ ዘረዘረ። በዚያች «እሱ» እንኳ የሳቀ የለም። ሰብሳቢው መልሴን ለዓርብ አሳደረው። ካመንኩ ቃለ ጉባዔ ላይ ይሰፍራል፣ የደሴ ዝውውሬም ቀረ ማለት ነው። እዚያ ያለው አባዬ ዓይኑ ደክሟል፣ ያለኔ ሰው የለውም። እክዳለሁ። ማን ይመሰክርለታል?

ኅዳር 15፣ 11 ሰዓት
የአቶ ማሞ እናት አረፉ። ከመ/ቤቱ ሰው ጋር ለቅሶ ደረስኩ፤ እንዳልታማ ብዬ ነው። ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ታይፒስቷ በመንገድ ላይ «እግዜር ያጽናህ» የሚለውን በካፊኖኖ አስጠናችኝ። ፊቱ ስቆም ተምታታብኝ። ኋላ እንደነገረችኝ «እንኳን ደስ አለህ» ነው ያልኩት። በእናቱ ለቅሶ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ማሞ ሴቶቹን በዓይኑ ገሠጻቸው፤ ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ገብቶኛል፣ እህቴ። ገብቶኛል። አንተ ቁጭ በል።»

የራሱን ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ። በሥራዬ አፍሬ ነው፤ ሰዎቹ ለእናቱ መሰላቸው።

ኅዳር 16፣ ጠዋት 2፡30
ዓርብ። ጋሽ ማሞ ሐዘን ላይ ነው፣ አይመጣም። ብክድ «ውሸት ነው» የሚል አይኖርም። የዝውውር ቅጼ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ። አባዬን መጣሁ ብዬዋለሁ።

ደወሉ ተደወለ፣ ሰው እየገባ ነው። እጄን አወጣለሁ። ጋሽ ማሞ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ አውቄ ነው ያሳቅኩበት እላለሁ። ይጻፉት። አባዬ፣ እስቲ ጥቂት ታገሠኝ።