ሳይበላ የቀረው የአስተርእዮ ድፎ

አዲስ ቅዳም፣ የካቲት 4

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካሽ የሚነሣብሽ ሳልስ ተወሽ? የእንጅባራን ጠዋት አውቀዋለሁና ጋቢ ሳትደርቢ ከቤት እንዳትወጪ። እኔ ከወገቤና ከቅናቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እመቤታችን ትመስገን። ወገቤን ጠበል እያስነካሁት ነው። ይህን የምጽፍልሽ ስለ ሁለተኛው ነው። ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን "ሁሉ ሰላም ነው" ብዬ ዋሽቼ እንደምዘጋው ስለማውቅ ተውሁት።

እናታችን ልታርፍ ስትል የማርያም ማኅበሯን ለአንቺ ስታወርስ አጠገቧ ነበርሁ። አንቺ ቅዳሴ በወር አንድ ቀን ብትደርሺ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማልጠፋው፣ ጾም የማልሽረው፣ የዚያው ማኅበር ሙሴ ሆኜ ሰውን የምሰበስበው ቆሜ አየሁ። የራሴ ጽዋ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። ውሸቴን ነው። የቆጨኝ ጽዋው አልነበረም። አንቺን ስትመርቅ እጇን አናትሽ ላይ ጭና ነበር፤ እኔን ስትመርቅ ግን ጉልበቴን ነካ አድርጋ ተወችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳመነዥክ መኖሬን ሰው ቢሰማ ይስቃል። ከፈለግሽ አንቺም ሳቂ።

ኅዳር ላይ ተራሽ ደረሰ። በጽዮን ዕለት ከአዲስ ቅዳም በሚኒባስ ተጭነን ቤትሽ ብንደርስ ድፎውም የለም፣ ጠላውም አልቋል። ከአዘና በሽተኛ ይዘው የመጡ አስታማሚዎች የእንጅባራ ሆስፒታል በር ላይ ሦስት ቀን ቆሎ ቆርጥመው መክረማቸውን፣ ድግሱን እዚያው ወስደሽ አብልተሽ ቤትሽ እንዳስጠጋሻቸው ነገርሽን። "እመቤታችን ቀድማን ወደዚያ ሄዳለች፣ ምን ላድርግ" አልሽ። ከማኅበርተኞቹ ዘውድነሽ እንባዋን ጠረገች። እኔ ግን የዝክር ዳቦ ካህን ሳይባርከው፣ ጽዋ ሳይነሣበት በመንገድ ላይ ታደለ ብዬ ጮህሁ። በሙሴነቴ ቆሜ ጽዋዋ ይነጠቅ ያልሁት እኔ ነኝ። ነጠቅንሽ። አንቺም "እሺ እታለም" ብለሽ ዕቃሽን ማጠብ ቀጠልሽ። ብትሰድቢኝ ኖሮ ይሄን ጊዜ ታርቀን ነበር።

ለአስተርእዮ ተራው የእኔ ሆነ። እንዲህ ያለ ድግስ በማኅበራችን ታይቶ አይታወቅም። ጌሾውን ራሴ ወቀጥሁ፣ ድፎውን በኮባ ጠቅልዬ ጋገርሁ፣ የፊት ክፍሉን አጥቤ ቄጠማ ጎዘጎዝሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለማርያም ብቻ አልደገስሁም። ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ የአንቺን ባዶ መሶብ እንዲያስታውስ ብዬ ነው። ማን መጣ መሰለሽ? አባ ገብረ ማርያምና ሁለት አሮጊቶች። የሻረግ የት ናት፣ ዘውድነሽስ ብል፣ እንጅባራ ሄደዋል አሉኝ። አንቺ ዘንድ የአስታማሚ ብርድ ልብስ ሊያጥቡ! እኔ አንቺን ከማኅበሩ ባስወጣሁሽ ማኅበሩ ተከትሎሽ ወጣ።

አባ ድፎውን ባርከው ቆረሱ። ቅመስ ቅመስ ከተደረገ በኋላ የተረፈውን አይተው "ልጄ፣ ይህ ለእኛ ብዙ ነው፤ ለእኅትሽ እንግዶች ስደጂላቸው" አሉኝ። እሺ አባቴ አልሁ። አልሰደድሁም። እስኪሻግት መሶብ ውስጥ ዘጋሁበትና ለዶሮ በተንሁት። አንቺ ያልተባረከውን ለራብተኛ በመስጠትሽ የቀጣሁሽ እኔ፣ የተባረከውን አሻግቼ ጣልሁ። ይህን ለአባ እንኳ ገና አልተናዘዝሁም፤ አንቺ ቀድመሽ ሰማሽ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው ብቅል አይደለም፣ በጤናዬ በጠራራ ፀሐይ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አከራይሽ ደርበው ከሰል ሊጭን ገበያ መጥቶ አገኘሁት። ቆመን ተጨዋወትን። ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አንቺ እንግዶችም አነሣን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘውድነሽ ናት የነገረችኝ፤ ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂ እንዳለሽ፣ ተላላፊ በሽታ ግቢዬ አስገባሽብኝ ብሎ እንደጮኸ፣ አንቺም "እኔ ልሂድ፣ እነዚህን ሰዎች የት አደርጋቸዋለሁ" ብለሽ ማልቀስሽን። ማን እንዲህ ያለ ነገር እንደነገረውም ስትጠይቂ ነበር አሉ።

ደርበውን አትቀየሚው። "ቲቢ ካለባቸው ሰዎች ጋር ልጆችህ በአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፣ በአንድ ሽንት ቤት ይገባሉ፣ ኋላ ሰው አልነገረኝም እንዳትል" የተባለ አባት ምን ያድርግ? ቃሉ ይኸው ነው፤ አንዲት አልጨመርሁም፣ አንዲት አላጎደልሁም። ቤትሽ ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው እንደሌለም ያን ጊዜ አውቅ ነበር።

እንግዲህ ወሩ ሳያልቅ እንግዶችሽን ይዘሽ ወደ እኔ ነይ። የፊት ክፍሉን ለቅቄላችኋለሁ። ማኅበር የተቀመጠበት ክፍል በሽተኛ ቢተኛበት አይረክስም፤ አባን ጠይቄ ነው። ለሆስፒታል ቀጠሯቸው ቀን ሚኒባሱ ከደጃችን ይነሣል። ደርበውንም አነጋግሬዋለሁ፤ የተናገርሁትን በተናገርሁበት ገበያ ቆሜ ውሸት ነው ብዬዋለሁ። አላመነኝም። አሁን ደግሞ ለእህትሽ ስትዪ ትዋሻለሽ ብሎኝ ሄደ።

እንዲህ ስልሽ ቅናቱ ለቀቀኝ እንዳይመስልሽ። ዘውድነሽ እዚያ ያሉት የአዘናው ሽማግሌ በአዊኛ ሲመርቁሽ ልክ እንደ እናታችን ነው ስትለኝ፣ ሁለት ቀን እህል አስጠላኝ። ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። የመጣችሁ ዕለት ውኃውን እኔ ላሙቀው፣ የሽማግሌውን እግር እኔ ልጠብ። አንቺ ቁጭ በይ። ሲመርቁኝም ዝም በይልኝ፤ ያችን አንዷን አሜን ለብቻዬ ልበላት።

ደብዳቤውን ዘውድነሽ ታደርስሻለች፤ ማንበብ ስለማትችል አትፍሪ። ለየሻረግ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። የተራበ የሚያበላ እጅሽን አምላክ አያሳጥረው፤ የምትጠለዪበት ጣራ አይጥፋ፤ የእናታችን አምላክ ከእኔም ክፋት ይጠብቅሽ።

አሁንም እህቴ የምትዪኝ ከሆነ፣
ታላቅ እህትሽ