ብርዱ ከሥር ነው የሚመጣው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ጠዋት 2፡30
ሱቅ ገና አልከፈትኩም። ልጄ ማርታና ጓደኞቿ ቅዳሜ በእግር ወደ ሬኮ ተራራ ሊሄዱ ነው። ጫካ ያድራሉ፣ በሁለት ዛፍ መሀል በሚታሰር ጨርቅ ውስጥ። ሀሞክ ይሉታል። አንዷ ቀርታ አንድ ሀሞክ ተርፏል። እኔ ልሂድ አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ደብተሬ፣ ሃያውን ስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ ነው የጨረስኩት። እማ፣ ብርዱን አትችይውም ትላለች። ተከራክረን ተስማማን፦ ግቢያችን ውስጥ አንድ ሰዓት ተኝቼ ካልበረደኝ እሄዳለሁ።

ከ/ሰ 10፡00
ዝናብ። ሀሞኩን ከማንጎውና ከአቮካዶው አሰርን፣ ከላይ ሸራ። ጋቢ ከሥሬ፣ ብርድ ልብስ ከላዬ። እንዴት ደስ ይላል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጀርባዬ በረዶ። ሆዴ ይሞቃል፣ ጀርባዬ ይንቀጠቀጣል። ወረድኩ። ተሸነፍኩ። ግን ለምን? ጋቢው እኮ ድርብ ነው።

ረቡዕ 5፣ ምሳ ሰዓት
ገባኝ! የሰፋ የደንበኛ ጃኬት ሳጠብብ በውስጡ የተሞላውን ፋይበር በእጄ ጨመቅኩት። ሲጨመቅ ወረቀት ነው፣ ሲለቀቅ ይነፋል። የሚያሞቀው በመሀሉ የተያዘው አየር ነው ለካ። ጋቢውን በገላዬ ተጭኜ ገድዬዋለሁ። ስለዚህ ፋይበር የተሞላ ድሪቶ ሰፍቼ ከሀሞኩ ውጭ፣ ከሥር ማንጠልጠል አለብኝ፣ ክብደቴ የማይደርስበት።
ማርታ ጋ ደወልኩ። አዎ፣ እንደዛ ዓይነት አለ አለች። ታውቅ ኖሯል። ለምን አልነገርሽኝም ስላት ወሬ ቀየረች። እንድቀር ፈልጋ ነው። ከፋኝ። ከፍቶኝም ሁለት ሰልባጅ ጃኬት ገዝቼ ተረተርኩ።

ማታ
ባለቤቴ ታደሰ ምንድነው የምትሰፊው አለ። የሀሞክ የታች ልብስ አልኩት። ለአልጋ የውስጥ ሱሪ የሚሰፋ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። የሚንጠለጠልበትን ላስቲክ ግን ይዞልኛል።

ሐሙስ 6፣ ከ/ሰ 11፡20
ዛሬም ዝናብ፣ ጎሽ። ተኛሁ። ጀርባዬ እንደ ዳቦ ሞቀ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎረቤታችን ወ/ሮ አልማዝ በአጥር አይታ ቃሬዛ መስሏት ማነው የታመመው እያለች ሮጣ መጣች። በእሷ ጩኸት ነቃሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሞልቷል።
ማርታ እውነቱን አወጣች፦ ያሳሰባት ብርዱ አይደለም፣ የሚያመኝ ጉልበቴ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ብትወድቂ ምን አደርጋለሁ ብላ ፈርታለች። እንዲህ ብትይኝ ምን ነበረበት አልኳት። ዱላ እይዛለሁ።

ዓርብ 7፣ ከ/ሰ 9፡00
ሻንጣ። መጀመሪያ ውስጡ ወፍራም ፌስታል። ድሪቶው ከታች፣ ሸራው ከሁሉ በላይ፣ ዝናብ እስክንፈታ አይጠብቅምና። ድሪቶውን አራት ማዕዘን አሳምሬ አጠፍኩት። ማርታ በተነችው። አይታጠፍም አለች፣ እጥፋቱ ላይ ይሞታል፣ ዝም ብለሽ ጠቅጥቂው፣ ስንደርስ ቶሎ እንፈታዋለን። ለልብስ ሰፊ እንዲህ ይባላል? ዓይኔን ጨፍኜ ጠቀጠቅኩ።
አልዘጋ አለ። ጋቢውን እኔ ልያዝልሽ አለች። አይሆንም፣ ሸክሜን ራሴ። ጋቢው ወጣ፣ ትርፍ ጫማው ወጣ። ተዘጋ። ተሸክሜ እስከ አስፋልቱ ወርጄ ተመለስኩ። ጉልበቴ አጉረመረመ፣ ግን አደረሰኝ። ማርታ ከኋላዬ ነበረች፣ የሻንጣውን ማሰሪያ አጠበቀችልኝ።

ማታ 1፡00
ሱቁ በር ላይ ለጠፍኩ፦ እስከ ሰኞ የለሁም። ሃያ ዓመት እንዲህ ለጥፌ ስለማላውቅ ደንበኞቼ ይደነግጣሉ። ተመልሼ ከሥሩ ጻፍኩበት፦ ደህና ነኝ፣ ጫካ ነኝ።