ጾሙ ነው ያልኳት

የካቲት 9 ቀን 1990
ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኮሌስትሮሌ 284። ከሁለት መቶ መብለጥ የለበትም አለኝ ሐኪሙ። ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ሥጋና ቅቤው ይቆማል፣ ያኔ ይወርዳል አልኩት።
"ጾሙ ይረዳዎታል። ግን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ጉበትዎ ራሱ ነው። ይህ ክኒን ጉበትዎ የሚሠራውን ይቀንሰዋል።"
ስታቲን ይሉታል። ማታ ማታ አንድ ፍሬ... ምናልባት ዕድሜ ልክ።

የካቲት 16
ሁዳዴ ገባ። ክኒኑን ከዳዊቱ ኋላ ደበቅኩት። ከማን? ብቻዬን ለምኖረው...

መጋቢት 28
191! ክኒኑን ከጀመርኩ ገና ሰባት ሳምንቴ ነው። "መድኃኒቱ ሠርቷል" አለ ሐኪሙ።

መጋቢት 29
የበዓለ ወልድ ማኅበር። ጎረቤቴ ሙሉመቤትም ያው በሽታ አለባት። ያንኑ ክኒን ከአምና ጀምሮ ትውጣለች፣ አትደብቅም። የኔን ቁጥር ስትሰማ ምን አድርገሽ ነው አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።
"ጾሙ ነው" አልኩ። "ሌላ ምንም።"
ሴቶቹ እልል አሉ። ደስ አለኝ... እንዴት ደስ ይለኛል?

ሚያዝያ 4
ሆሳዕና። ከብስራተ ገብርኤል ስንመለስ ሙሉመቤት የዘንባባ ቀለበት ሠርታ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ክኒኑን ከተወች ሳምንት ሊሆናት ነው። አንቺን አይቼ ነው አለችኝ።
ያኔ መናገር ነበረብኝ። ስለ ፀሐዩ አወራሁ።

ሚያዝያ 11
ፋሲካ። ከሙሉመቤት ቤት ፈስኬ መጣሁ። ክኒኔን ዋጥኩ።

ሚያዝያ 22
ሙሉመቤት ደረቷን ውግት አድርጓት ሆስፒታል ገባች። የልብ ደም ሥር ነው አሉ። ልጇ ቤተልሄም በር ላይ ቆማ ነገረችኝ። ሐኪሙ ክኒኑን ለምን አቆምሽ ብሎ ሲጠይቃት እናቷ ስሜን አላነሳችም።
በማቆሟ ነው ብሎ መማል እንደማይችል ሐኪሙ ነግሯታል። እኔስ? እኔ ምን ብዬ ልማል?

ሚያዝያ 25
ብርቱካን ይዤ ጠየቅኳት። ልጄን አደራሽን አለችኝ። ሳልናገር ተመለስኩ።

ሚያዝያ 29
ሙሉመቤት ትናንት ቤቷ ገባች። ዛሬ ማኅበር ላይ፣ ጸሎቱ እንዳበቃ፣ ተነሥቼ ተናገርኩ። የወረደው በክኒን ነው፣ ዋሽቻችኋለሁ አልኩ። ቄሱ መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ነበረች አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወጥቼ እየሮጥኩ ቤቷ ሄድኩ።
አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ሆስፒታል ሲለኩት የሷ ኮሌስትሮል እንደ ድሮው ወደ 270 ተመልሶ ነበር።
"እኔ እኮ..." አለች፣ "እግዚአብሔር ጾሜን ያልተቀበለኝ መስሎኝ ነበር።"
ሳምንት ሙሉ ይህን ይዛ ነው የተኛችው።