ለትዕግሥት የመረጥኩት መለኪያ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪

ልጄ ትዕግሥት በአማኑኤል ከተማ ለሱቆችና ለቤቶች ኢንተርኔት ታከፋፍላለች። ደንበኞቿ ፍጥነቱን ራሳቸው የሚፈትሹበት፣ በራሷ ሰርቨር ላይ የሚጫን መለኪያ እንድመርጥላት ከጠየቀችኝ ሳምንት ሆነ። ሁለት መለኪያዎችን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሞከርኩ። አንዱ ሰንጠረዥና ግራፍ ይበዛበታል። ሌላው በማንኛውም ስልክ ይከፈታል፤ የሚነካውም አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱን መረጥኩ።

ዛሬ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ሱቅ ወስጄ ሞከርኩት። ሐጂ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል ብለው ከትዕግሥት ጋር ያላቸውን ውል ሊያፈርሱ ቆርጠው ነበር። በስልካቸው ስንለካ ከተዋዋሉበት ፍጥነት ሩቡ እንኳ አልመጣም።

«አዩ መምህር? ልጅዎ ክንድ ለክታ ሜትር ትለኛለች!»

አፈርኩ። ዋይፋይ የሚሰጠውን ዕቃ ባይኔ ፈልጌ ሳጣው፣ «የት አስቀመጡት?» አልኳቸው። ለካ ሌባ ፈርተው በብረት ሣጥን ቆልፈውበታል። ሣጥኑን ከፍተው ደገምነው፤ ሙሉው መጣ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቴም ሙሉ።

«እኔው አስሬው ልጅዎን ስከስ!» ብለው ሳቁ።

መለኪያው የሚለካው ከደንበኛው እስከ ትዕግሥት ቢሮ ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው መስመር ምንም አይናገርም። ይህንኑ ገጹ ላይ እንድትጽፍ በስልክ ነገርኳት። እሷ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነው፤ «አባዬ፣ ሐጂ ይቆያሉ?»

ይቆያሉ አልኳት። ከሰሞኑ ዛሬ ገና ምሳዬን ደህና አድርጌ በላሁ።