የመስታወት ክፍሉና የእማማ «ደህና ነኝ»

ኅዳር 9

የመስታወት ክፍሉ አለቀ። እሰይ! ከጓሮው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጎኑም ጣሪያውም መስታወት። ባሌ ለእናቱ ነው ያሠራው። «ፀሐይ እየሞቀች ትቀመጥ» ብሎ። እማማ እኛ ጋ ከመጡ ገና ወራቸው ነው። ጉልበታቸው የገዛ ቤታቸውን ደረጃ አልወጣም ሲላቸው ጊዜ...

ሲገቡ ዙሪያውን አዩ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ምን ጎደለኝ!» አሉ። ባሌ ደረቱን ነፋ። የሚሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን «መሐንዲሱ» ብዬዋለሁ። በልቤ።

ኅዳር 14

ጠዋት ቁርስ ይዤላቸው ገባሁ። እንዴት ይበርዳል! ከውጭ ይብሳል። እማማ ብርድ ልብስ ተከናንበዋል፤ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው።

«አልበረደዎትም እማማ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

ከሰዓት ስመለስ ደግሞ ፊታቸው በላብ ርሷል።

«አልሞቀዎትም?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው... ወይስ ሁለቱም?

ታኅሣሥ 2

መሐንዲሱ ማሞቂያ ገዛ። ቴርሞሜትርም ሰቀለ። ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ እሱን ያነባል፣ ከዚያ ነው እናቱን ሰላም የሚለው።

ጥር 20

ማሞቂያው ለጠዋት አይከፋም። እኩለ ቀን ላይ ግን ክፍሉ ምድጃ ነው። መጋረጃ ሰቀልን፣ ከውስጥ። ሙቀቱ ከገባ በኋላ መጋረጃ ምን ሊፈይድ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ጨርቁን ራሱ ነው የመረጠው፤ ጫፉንም ራሱ ነው የሰፋው። ይሉኝታ ያዘኝ። «ያምራል» አልኩት።

መጋቢት 3

አሁን ደግሞ ግድግዳው ላይ ማቀዝቀዣ ተተከለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሲጨርስ «እንዴት ነው እናቴ፣ ተመቸዎት?» አላቸው። ነፋሱ ማጅራታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። «እግዜር ይባርክህ» አሉት።

ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ነርስ ልታይ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ገነት ነው!» አለች፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። እዚህ ቤት ይሉኝታ የማያውቀው ቴርሞሜትሩ ብቻ ነው።

መጋቢት 27

ዛሬስ ጉድ ነው ያየሁት። ባሌ ጠዋት ሲወጣ ማሞቂያውን ከፍቶላቸዋል። እኔ ፀሐዩ ሲበረታ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩላቸው። ማሞቂያው ከወንበሩ ኋላ ነው፣ መሥራቱን አላየሁም። ከሰዓት ስገባ ሁለቱም ያጓራሉ። አንዱ እግራቸውን ይጠብሳል፣ ሌላው ማጅራታቸውን ያደርቃል። እማማ መሃል ላይ።

«እማማ! ምነው አንዱን ባጠፉት?»

«ልጄ ለእኔ ብሎ የከፈተውን? ወይስ አንቺ ለእኔ ብለሽ የከፈትሽውን? የማንን ላጥፋ?»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን አንጀቴን በሉት። ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ ለመንካት የሚፈሩ እንግዳ ናቸው... እኛ ደግሞ ተመቻቸው ብለን እንኮራለን።

ሚያዝያ 11

የባሌ እህት መጣች። አፏ ምላጭ ነው። እናቷ በዚያ ፀሐይ፣ ልጃቸው የገዛላቸውን ወፍራም ሹራብ ለብሰው፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ጠበቋት።

«እናቴን ቀቀላችኋት እኮ!»

«ቆይ፣ የሙቀት መጠኑ...» ብሎ ጀመረ መሐንዲሱ።

«መጠንህን ያዝ። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አልተመቸሽም?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«እኔ ጋ ትመጫለሽ?» አለች እህት።

«ካላስቸገርኩሽ...»

ይኸው፣ ለሁለቱም እሺ! የእሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። በዚያ ጉልበት አንዴ ከወጡ መውረጃ የላቸውም። እኔስ? እማማ ከሄዱ ከማን ጋር ልስቅ ነው? እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። እወዳቸዋለሁ፤ እንዲሄዱ አልፈልግም።

ሚያዝያ 13

ነገ ቅዳሜ ነው። ሻንጣቸውን አሰርኩ። ፈታሁ። መልሼ አሰርኩ። በመጨረሻ ሄጄ አጠገባቸው ዘፍ አልኩ። ባሌ እንደ ልማዱ ቆሞ ቴርሞሜትር ያነባል።

«እማማ፣ እኔ ይህን ክፍል እጠላዋለሁ።»

ባሌ ዞረ።

«ጠዋት ያንቀጠቅጠኛል፣ ቀን ያፍነኛል። መጋረጃውም ያስጠላል።»

«ያምራል ብለሽኝ አልነበር?»

«ዋሽቼህ ነው።»

እማማ እኔን አዩ። እሱን አዩ። ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔስ ልጄ! እኔስ!»

ከዚያማ ማን ያቁማቸው! በበሩ ሥር ብርድ ይገባል፣ እግራቸውን ሲቆረጥማቸው ከርሟል። ላይኛው መስኮት ለምን ይዘጋል፣ የሞቀው አየር በየት ይውጣ? ጥላ የሚሠራው ከጣሪያው በላይ ነው እንጂ ከታች ነው እንዴ? ማቀዝቀዣው አንገታቸውን አደረቀው። ሹራቡም ያሳክካል።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ እማዬ?»

«በሰው ቤት?»

«የሰው ቤት...» አለ ባሌ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ሲከፋው አይቼ አላውቅም።

እማማ ወደ እሱ ጎንበስ አሉ። ጸጉሩን ነካ ነካ አደረጉት። «በል ተነሣና ያን መስኮት ክፈት። ለእህትህ እኔ እደውልላታለሁ።»

ሻንጣውን ፈታሁ።

ሐምሌ 22

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ ጣሪያውን ይደበድባል። ግማሹ ጣሪያ በወፍራም ሰሌዳ ተሸፍኗል። ለበጋው ፀሐይ ከላይ የሚወጠር ሸራ አለ፤ ዛሬ ተጠቅልሏል። በሩ ሥር ጎማ ተለጥፏል። ማቀዝቀዣው ወደ ሌላ ግድግዳ ዞሯል። ማሞቂያው ትንሽ ትንሽ ይሠራል፤ ያለ እማማ ፈቃድ የሚነካው የለም። እንደ ሰው መቀመጥ ተቻለ።

ሰላም ግን የለም። ሻዩ ቀጠነ። ልጃቸው ጢሙን ይላጭ። ነርሷ ወሬ አበዛች። ዛሬ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ።

«ልጄ፣ ዕቃ ስታጥቢ ታንጎራጉሪያለሽ። ድምፅሽ ጥሩ አይደለም።»

ተናደድኩ። ኩሽና ገብቼ ግን ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ሰሐኑን እያጠብኩ አንጎራጎርኩ፣ ጮክ ብዬ።

«ኧረ በቤቴ ዝም በይልኝ!» አሉ ከወዲያ።