ዐሥራ ዘጠነኛው ሰው

ኮርናላ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ ክሊፎርድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ወሬ ላርም። ቅዳሜ ዕለት ተጋጣሚዎቻችን ሚንጋዎች ከሚፈቀደው ዐሥራ ስምንት አንድ አስበልጠው ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ ማስገባታቸውን ለአሠልጣኛችን ለኔቪል የጠቆምኩት እኔ ነኝ እየተባለ ነው። ዳቦ ቤቱም፣ ፖስታ ቤቱም፣ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍም የሚያወራው ይህንኑ ነው። ሐሰት ነው። ኔቪል የቆጠረው ራሱ ነው። እኔ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዝም በማለቴ ግን ማንም እንዲያመሰግነኝ አልፈልግም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ስለ ሌላ ዝምታዬ ነው።

ዋንጫውን መውሰዳችንን ሰምተህ ይሆናል። ታዝማኒያም ቢሆን ጋዜጣ ይደርሳል። ጋዜጣ የሚነግርህ ግን ውጤቱን ብቻ ነው፤ ሰማንያ ሰባት ለሰማንያ ስድስት። ቀሪውን ከእኔ ስማ።

አራተኛውና የመጨረሻው ሩብ ሲጀመር በሃያ ሦስት ነጥብ እየተመራን ነበር። እኔ እንደ ወትሮው ሰዓት ያዦቹ ክፍል ውስጥ ነኝ። ከጎኔ የሚንጋው ሰዓት ያዥ ሬይ ተቀምጧል፤ ያው ሥጋ ሻጩ ሬይ፣ አሁን ጆሮው ትንሽ ከብዶታል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ከሥራችን ያሉት የሁለቱ ቡድኖች ተጠባባቂዎች የሚሉት ሁሉ ይሰማኛል። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የሚንጋው ረጅሙ ልጅ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ፤ ደግፈው ሊያወጡት ሲጣደፉ በእሱ ፋንታ ሁለት ልጆች ሮጠው ገቡ። ዓይኔ ሳላዘው ይቆጥራል። አርባ ዓመት ሙሉ በመምህርነት ሕፃናትን ወደ ወንዝ ዳር ወስዶ በቁጥራቸው የመለሰ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ዐሥራ ዘጠኝ።

ትሬሲ፣ የኔቪልን መልእክት ለተጫዋቾቹ የምታደርሰው፣ ከሜዳው እየሮጠች መጣች።

«ኔቭ! ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው! አምበላችን ዳኛውን ያስቆጥር?»

«ቆይ።»

«ምኑን ነው የምቆየው? ዳኛው ከቆጠራቸው ሰማንያ ነጥባቸው እኮ ዜሮ ነው የሚሆነው! ጨዋታው አለቀ ማለት ነው!»

«ቆይ አልኩሽ።»

ከዚያ ኔቪል እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ጎረቤቱን ስኳር ሊበደር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለ፣ ወደ ሚንጋው አሠልጣኝ ሄደ።

«ዶኒ፣ ልጆችህን ቁጠር።»

«ምን?»

«ቁጠር ነው የምልህ። ፍጠን።»

ዶኒ ቆጠረ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። አንዱን ልጅ በስሙ እየጮኸ አስወጣው።

የእኛ ሰዎች ያሉትን ሁሉ ልጽፍልህ አልችልም፤ መነኮሳት ያስተማሩኝ ሴት ነኝ። ከሜዳው ዳር ፒካፑ ላይ ከቆሙት አንዱ፣ «ኔቪል! እናትህ የሚንጋ ሰው ነበረች እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ሌላው፣ «ዋንጫውንም በስጦታ ወረቀት ጠቅልለህ ስጣቸው!» አለ። ኔቪል ዞሮ አያቸው።

«አንድ ጊዜ ዐሥራ ዘጠነኛው ሰው እኔ ነበርኩ። ምን ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። አሁን አፋችሁን ዝጉና ጨዋታ እዩ።»

ጨዋታ አየን፣ ክሊፎርድ! በሰማንያ አራት ዓመቴ እንደዚያ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። አንድ ጎል፣ ስድስት ነጥብ። ሁለት። በየጎሉ በሜዳው ዙሪያ የቆሙት መኪኖች ሁሉ ጥሩምባቸውን ሲነፉ የስንዴው ጎተራ ድረስ ሄዶ ያስተጋባ ነበር። ሚንጋዎች አንድ መለሱ። እኛ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አገባን። አምስተኛውን ያገባው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው፤ በግራ እግሩ፣ ከማይቻል ማዕዘን፣ ሁለት ሰው ልብሱን እየጎተተው። በአንድ ነጥብ መራን። የቀረው አርባ ሰኮንድ።

ኳሱ ወደ እኛ ጎል መጣ። ጣቴ የጨዋታ ማብቂያው ሳይረን ቁልፍ ላይ ነው። ሠላሳ። ሃያ። አንድ የሚንጋ ልጅ ኳሱን ይዞ ዞረ።

«ሞይራ፣ ጣትሽ ቁልፉን ሊጫን ነው» አለኝ ሬይ።

«አይጫንም። አንተ ሰዓቱን እይ።»

ከሰኮንዷ ቀድሜ አልተጫንኩም። ልጁ መታ፤ የነርሷ ልጅ የሬኔ ባል፣ ያ ከሲታው ተከላካያችን፣ ዘሎ በጣቱ ጫፍ ነካት፤ ኳሷ ከመሬት ነጥራ ሌላ ሰው ሳይደርስባት ሰዓቱ ሞላ። ተጫንኩት። እስኪታክተኝ ተጫንኩት። ሬይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ይሁን፣ ይገባችኋል» አለና የሰዓት ወረቀቱ ላይ ከእኔ ስም አጠገብ ፈረመ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰው ሁሉ ሜዳውን ሞላው፤ ኔቪልን ስድብ ያወረዱበት እነዚያው ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት ሲዞሩ፣ ፒካፕ ላይ የነበረው ሰውዬ ከሁሉ በላይ ያለቅስ ነበር።

ኔቪል ከትከሻቸው እንደወረደ ወደ እኔ መስኮት መጣ።

«ሚስ ኬኒሊ፣ ትንሽ ቀደም አድርገው ቢጫኑት ምን ነበረበት? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ!»

«ለልብ ሐኪም አለለት፤ ለተሰረቀ ሰኮንድ የለውም።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ክሊፍ ይህን ማየት ነበረበት» አለኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያኔ ግን ልክ ያን የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መሰለኝ።

እንግዲህ ወደዚያኛው ቀን ልመለስ፤ ከዚህ በላይ ማምለጥ አልችልም።

በ1986 የዋንጫ ጨዋታ፣ በሦስተኛው ሩብ፣ በሃያ ነጥብ እየመራን ሳለ ኔቪል የሚወጣውን ሰው ሳይጠብቅ ሮጦ ገባ። የሚንጋው አምበል እጁን አነሣ፤ ዳኛው ልጆቻችንን አሰልፎ ቆጠረ፤ ሰባ አንድ ነጥባችን ተሰረዘ። ይህን አንተም ታውቃለህ። የማታውቀው ይህ ነው፤ አምበሉ እጁን ከማንሣቱ ሁለት ደቂቃ በፊት እኔ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር። አንተ፣ የያኔው አሠልጣኛችን፣ ከመስኮቴ ሥር ዐሥር ርምጃ ላይ ቆመሃል። መስታወቱን በቀለበቴ ባንኳኳው ትሰማኝ ነበር። አላንኳኳሁም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ለራሴ የነገርኩት፣ ሰዓት ያዥ ለወገን አያደላም፣ ከአሠልጣኝ ጋርም አይነጋገርም፣ ሕጉ ነው የሚል ነው። ሕጉስ እውነት ነው። የእኔ ምክንያት ግን ሕጉ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ወንድሜን ፍራንክን ከቡድኑ አስወጥተኸው ነበር። ሁለት መቶ ስድስት ጨዋታ ተጫውቶ፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ የዋንጫ ጨዋታው ሊሆን ሲል። ወደ ቤት መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ሞይ፣ እግሬ ዘገምተኛ ሆኗል አለኝ፤ እውነቱን ነው» አለ። እሱ ይቅር አለህ። እኔ አላልኩህም። በዚያ ቅዳሜ ዐሥራ ዘጠኝ ስቆጥር በልቤ ያልኩት ቃል በቃል ይህ ነው፤ «በል እንግዲህ አንተም ቅመሳት።»

አንተ ግን መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ኔቪልን ከጀርባህ አድርገህ፣ «የሚወጣና የሚገባውን የማየው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልክ። ለክለቡ መቶ አርባ ጊዜ የተጫወትክ፣ ስምንት ዓመት ያሠለጠንክ ሰው፣ ገና ዓመቱ ሳያልቅ ዕቃህን ጭነህ ወጣህ። መጠጥ ቤት ውስጥ «መቁጠር የማይችለው ክሊፍ» እያሉ ሲያላግጡ እኔ ሁለት ደቂቃዬን ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

የት እንደደረስክ ግን ከጋዜጣ እየቆረጥኩ ተከታትያለሁ። ምዕራብ ባለው የማዕድን ከተማ ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ ያስጠራኸው ተጫዋች ኔቪል እንደነበር፣ ኳስ ሊተው የነበረውን ልጅ የሚገቡና የሚወጡ ተጠባባቂዎች ኃላፊ እንዳደረግኸው አውቃለሁ። «የሸሸኸውን ነገር ያዝ» አልከው አሉ። ከዚያ ታዝማኒያ፣ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር። አሁን ደግሞ ለሕፃናቱ ቡድን የውኃ ጠርሙስ እንደምትሞላ ሰማሁ። አልገረመኝም፤ ቅዳሜ ኔቪል ወደ ዶኒ ሲሄድ ያየሁት የአንተን አካሄድ ነው። ያንን ዋንጫ ሁለታችሁ ነው ያመጣችሁት።

የአሠልጣኞች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ የ1986 መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ አትጻፉ ብለህ ስለነበር። ኔቪል ትናንት ለኮሚቴው፣ «የክሊፍ ስም ካልገባ የእኔም አይገባም» አለ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሬዋለሁ፤ ማንም አልተቃወመም። የዋንጫው እራት የዚህ ሳምንት ሳይሆን የመጪው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ና። እኔን ይቅር ማለት ካልቻልክ አልፈርድብህም፤ ከአዳራሹ ማዶ ተቀመጥ። ለኔቪል ስትል ግን ና።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርህ። ፖስታ ቤቱ እንደተከፈተ ይህን ደብዳቤ በአደራ እልካለሁ። ከዚያ ክለቡ ሄጄ ሰሌዳውን እወለውላለሁ፤ ቀለም ቀቢው ከምሳ በፊት ይመጣል፣ የስምህን ፊደላትም ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ዳቦ ቤት እገባና የ1986ቱን ሁለት ደቂቃ፣ ሐሙሱንም ጨምሬ፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ወረፋው በሩ እስኪደርስ ግን እጠብቃለሁ።

ሞይራ ኬኒሊ
ሰዓት ያዥ