የሁለቱ ዘፋኞች ካሴትና የሰይድ መርዶ

አባዬ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ዓመት ሞላ። እንደ ወጉ ሰላም ብዬህ፣ ደህና ነን ብዬህ ልጀምር ነበር፤ ግን ምን ያዋሻል፣ ደህና አይደለንም። እማዬ ካናገረችኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። በማሕከማ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ቃዲው ፊት፣ በጥፊ አጮለችኝ። የጣቶቿ ሰንበር ከጉንጬ ጠፍቷል፣ ጆሮዬ ግን እስካሁን ይጮኻል። ለምን እንደመታችኝ ከሰው ከምትሰማ ከኔ ስማው። አማርኛዬ ቢሰባበርም አትሳቅብኝ፤ እኔም እንዳንተው የካርቱም ልጅ ነኝ።

ቤታችን ያው ጀሪፍ ሰፈር ነው። የኋላውን ግንብ ጎርፍ ወስዶት እንደገና አሠራነው። እማዬ አሁንም ዐማራት ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ ጉልበቷ ግን ደረጃ አልወጣ እያለ ያስቸግራታል። እኔ ሱቅ ዐረቢ ገበያ የሞባይል ሱቅ ገብቻለሁ። ሐፍላህ፣ ያ የከተማ አውቶቡስህ፣ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ነው። ጎማው ተንፍሷል፣ ወንበሩ ሥር ዶሮ ትፈለፍልበታለች። ስንት ገዢ መጣ መሰለህ! እማዬ ግን ደሙ ሳይመለስ አይሸጥም ብላ እያባረረች መለሰቻቸው።

አባዬ፣ እኔ በዚያ ደም ነው ያደግሁት። ሌላው ልጅ ተረት እየተነገረው ሲተኛ፣ እኔ የሐፍላህ ረዳት የነበረው ገዳይህ ሰይድ እንዴት እንደሚሰቀል እየተነገረኝ ነው የተኛሁት። ቃዲው የሟች ልጅ ለአቅመ ሔዋን ትድረስና ከእናቷ ጋር ትናገር ብሎ ነበርና፣ ሰውዬው እስር ቤት ሆኖ እኔን ይጠብቃል፤ እኔም እሱን ለመግደል አድጋለሁ። ቂሷስ ብሎ ማስገደል፣ ዲያ ብሎ የደም ካሳ መቀበል፣ ወይ አፍው ብሎ መማር፤ ከሦስቱ አንዱን ማለት ነው የሚጠበቅብኝ። ዲያውን እማዬ የባሌን ሥጋ በኪሎ አልሸጥም ብላ ገና ድሮ ዘጋችው። አፍውማ በቤታችን ስሙም አይነሳ። ወላሂ፣ ገመዱን ራሴ ብስብ ደስ ይለኝ ነበር።

ለመሆኑ ያንን ካሴት ታስታውሰዋለህ? የእማዬ ኸዋጃዎች፣ ነጮቹ አሠሪዎቿ፣ አገራቸው ሲገቡ ከአሮጌ ዕቃ ጋር በካርቶን የሰጧት ነው። ሽፋኑ ላይ ሁለት ነጮች አሉ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ጨብራራ። ምርጥ ምርጥ ዘፈኖቻቸውን በአንድ ላይ የሰበሰቡበት ነበር። ሁሉም የፍቅር፣ ሁሉም ለስላሳ፤ ሕፃን ያስተኛል። አንተ ስትነዳ የረጅሙን ድምፅ ትይዛለህ፣ ሰይድ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሒሳብ እየሰበሰበ የአጭሩን። ሁለታችሁም ቃሉን አታውቁትም፣ ግን ስታዜሙት ለጉድ ነው። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሌላ ሐፍላ እያሳለፉ የናንተን ይጠብቁ ነበር። ሰው ሁለቱ ዘፋኞች እያለ ይጠራችሁ ነበር፣ አንተም ደረትህ ይነፋ ነበር።

ያን ሐሙስ ከትምህርት ቤት ወስደኸኝ ከፊት ወንበር ተቀምጫለሁ። ሱቅ ዐረቢ ስንደርስ ካሴቱን ገለበጥከው። ዘፈኑ ጀመረ፣ ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ተቆረጠና የሰይድ ድምፅ መጣ። ወሎ ላለችው እናቱ፣ እማዬ እንደምን ከረምሽ ይላል። ያኔ ሁሉም ወደ ወሎ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ የለ? ሰይድ ባዶ ካሴት አጥቶ፣ ያንተን ካሴት እንዲቀዳለት የላይ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቆ፣ ዘፈኑ ላይ ቀድቶበታል። ለሚሄድ ሰው ሳይሰጠው ረስቶት እዚያው ቴፑ ውስጥ ቀርቷል።

እንግዲህ ልትቆጣ ይገባህ ነበር፣ አልፈርድም። ግን አንተ መቆጣት አይበቃህም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትከው፣ በሮቹን በረገድካቸው፣ አማርኛ የሚሰማውን ሾፌር ሁሉ ጠራህ። ሰይድ ካሴቱ ውስጥ እያለቀሰ ነው። ብቻዬን ስሆን እንደ ልጅ ሆዴ ይባባል፣ ለዒድ መጥቼ እግርሽን እስማለሁ ይላል። እዚህ ወንድም የሆነኝ ሰው አለ፣ ለሱም ዱዓ አድርጊለት ሲል ያንተን ስም ጠራ። አልሰማኸውም፤ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር።

ሰይድ ዘሎ ገብቶ ካሴቱን ነቀለው። ክሩ እንደ አንጀት ተዘረገፈ። አፉን በቡጢ ስትለው ጥርሱ እግሬ ሥር ወደቀ። ደሙን ጠረገና፣ እንደገና ቀድቼ እልክላታለሁ፣ አንተ ምን አገባህ አለህ።

ያኔ ነው የተናገርከው። ለማን ነው የምትልከው፣ እናትህ ከተቀበረች ወር አለፋት፣ አልከው።

አባዬ! ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። መርዶው ከወሎ መጥቶ ሽማግሌዎች በሆዳቸው ይዘውት ነበር። በማግሥቱ ጁምዓ ጎሕ ሲቀድ ቤቱ ሄደው፣ ዙሪያውን ከበው ሊያረዱት ነበር። አንተ ደግሞ ከጎኑ ሆነህ እንድትይዘው የተመረጥክ ነህ፤ ከዋዜማው እማዬን ነጭ ጀለቢያዬን ተኩሺልኝ ስትላት ሰምቻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያን ነገር በደም በተሞላ አፉ ፊት፣ ሾፌር ሁሉ እየሳቀ፣ እንደ ስድብ ወረወርክበት።

ሳቁ ቆመ። ሰይድ አንድ በአንድ ሰዎቹን አያቸው፣ ሁሉም አቀረቀሩ። እውነት መሆኑን ያወቀው በዚያ ነው። ከወንበሩ ሥር የክሪኩን ብረት ሳበ። የመጀመሪያው ሲያርፍብህ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ስትወድቅም አልተወህም። እናቴን፣ እናቴን እያለ ይመታሃል፤ ደምህ ነጩን የትምህርት ቤት ነጠላዬን አቀላው። ሰዎቹ ሲይዙት ብረቱን ጥሎ ራሱ አቀፈህ። አሁንም ሐፍላ በር ሲዘጋ ዘልዬ እነሳለሁ።

ማሕከማ የሄድኩት ቂሷስ ልል ነው። እማዬ እጄን ጨብጣ ይዛኛለች። ቃዲው መዝገቡን አነበበ፤ በካሴት ተጣልተው ገደለው ይላል፣ ሌላ የለውም። ምስክር የነበሩት ሾፌሮች መርዶ በመደበቃቸው አፍረው ይሁን የሟች ስም ማጉደፍ ፈርተው እንጃ፣ አንዳቸውም ያን ቃል አልተናገሩም። ሰይድ ሸብቷል፤ የፊት ጥርሱ እንደወለቀ ነው። የምትለው አለ ወይ ሲሉት፣ ሟች ወንድሜ ነበር፣ የምለው የለኝም ብሎ ተቀመጠ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተናገረብህም! ምን እንዳልከው ቢናገር ቃዲው በሌላ ዓይን ያየው ነበር። ገመዱ አንገቱ ላይ ሊገባ እንኳ ሙት ወቃሽ አልሆነም። እኔ ምን ነካኝ አላውቅም፣ ቂሷስ ልል የከፈትኩት አፍ ሁሉንም ዘረገፈው። ሳቅህን፣ ቡጢህን፣ መርዶውን። ከዚያ አፍው አልኩ። ቃዲው ሦስቴ ጠየቀኝ፣ ሦስቴም አፍው አልኩ። አንዱ ወራሽ ከማረ ሞቱ ይቀራልና እማዬ ብቻዋን ልታስገድለው አልቻለችም። የአባትሽን ሥጋ በላሽ ብላ አጮለችኝ። አልፈርድባትም፤ የሞተባት ባሏ ነው።

ሰይድ በተፈታ ማግሥት ጀሪፍ መጣ። በራችን ላይ ቆመ፣ አላንኳኳም። እማዬ ጎርፍ ካፈረሰው ግንብ የተረፈ ጡብ አንስታ ግንባሩን ፈነከተችው። አልሸሸም፤ ደሙ እየወረደ ሌላውን ይጠብቃል። ሁለተኛውን ስታነሳ እጇን ያዝኩ፣ ታገለችኝ፣ ቧጨረችኝ፣ በመጨረሻ ሁለታችንም መሬት ቁጭ ብለን ጮኸን አለቀስን። ቀና ስንል ሰይድ ሄዷል። ወደ እናቱ መቃብር፣ ወሎ ሄደ ይላሉ።

እኔስ? አንገቴ ላይ አስቀምጠህ ዓባይ ዳር የወሰድከኝ ትዝ ይለኛል፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ሌሊቱን እጅህን ግንባሬ ላይ አድርገህ ያደርክልኝም። እወድሃለሁ አባዬ። ግን ሰይድ እጁን ነው ያነሳው፤ አንተ አፍህን። ባትናገረው ኖሮ ዛሬ እቤት ነበርክ፤ እኔም አባት ነበረኝ።

አላህ ይማርህ፣ እሱ ይችላል። እኔ ግን የገደለህን ምሬ አንተን መማር አቃተኝ። እስክችል ድረስ አንድም ቀን ከልቤ አትወጣም፤ ያልማሩትን ሰው መርሳት የለምና።

ልጅህ፣ ዘሐራ